ለአሮጌው ምድጃችን ማራገቢያ የገጠሙልን ባለሙያ

ጥሩ ሥራ አይቶ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

የእንጨት ምድጃችን የቆየ ነው። ወፍራም ብረት፣ ከባድ በር፣ ከጀርባው ደግሞ የላሜራ ሽፋን አለው። ሙቀት አያንሰውም። ችግሩ ሙቀቱ እዚያው መቅረቱ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ያልበዋል፣ ወዲያ ጥግ ያለው ሹራብ ይደርባል። ማራገቢያ እንዲገጠምለት የፈለግነው ለዚህ ነበር።

ጋሼ እንደመጡ መሰርሰሪያ አላወጡም። መጀመሪያ ምድጃውን መረመሩ። በሩን ወረቀት ላይ ዘጉና ወረቀቱን ሳብ አደረጉት፤ ያለ ምንም ትግል ወጣ። የበሩ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሩ ሲዘጋ ዙሪያውን የሚያሽገው ማሸጊያ፣ አልቋል ማለት ነው። "በሩ አየር እያስገባ ማራገቢያው ምን ይረባችኋል?" አሉና ቅድሚያ እሱን ቀየሩት። የጭስ ማውጫውንም አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ገጥሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ እብስ ነበር።

ብዙ ሰው ማራገቢያው እሳቱን የሚያናፋ ይመስለዋል። አይደለም። የቤቱን አየር ከኋላ ስቦ በእሳቱ ሳጥንና በውጪው ሽፋን መካከል ያሳልፈዋል። አየሩ ትኩሱን ብረት እየታከከ ያልፍና ሞቆ ከፊት ይወጣል። ከጭሱ ጋር አይገናኝም። ሽፋን የሌለው ምድጃ ላይ ግን ይህ ዓይነቱ ብዙም አይጠቅምም፤ ይህንን ጋሼ የነገሩን ዕቃውን ከመግዛታችን በፊት ነው። ለእንዲያ ዓይነቱ ምድጃ ላዩ ላይ የሚቀመጥ፣ ከምድጃው ሙቀት ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትንሽ ፋን አለ። ገመድ አይፈልግም፤ ጉልበቱ ግን ያንሳል።

አገጣጠማቸው ንጹሕ ነው። ሞተሩ ብረቱን እንዳያንቀጠቅጥ ከሥሩ ጎማ አደረጉ። ገመዱን ከምድጃውና ከጭስ ማውጫው አርቀው አሳለፉት፤ ስፒናውንም ግራውንድ ያለው ሶኬት ላይ ሰኩት። ቴርሞስታቱ በማግኔት ከምድጃው ገላ ጋር የሚጣበቅ ትንሽ ክብ ነገር ነው። የእኛው ብረቱ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማራገቢያውን ያስነሳል፤ ወደ 32 ሲወርድ ያጠፋዋል። ማን ያብራ፣ ማን ያጥፋ የሚል ጭቅጭቅ የለም።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን አጠቃቀሙን ቁጭ ብለው ስላስረዱን ነው። እሳቱ ገና ሲቀጣጠል ማራገቢያውን በሙሉ ኃይል አትልቀቁት አሉን። ብረቱን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ እሳቱ ይደክማል፣ ጭስ ይበዛል። ያ ጭስ የማውጫው ግድግዳ ላይ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ይቀራል። ሲጠራቀም ደግሞ እዚያው ማውጫው ውስጥ እሳት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ምድጃው በደንብ እስኪግል መታገስ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰውማ ማራገቢያ ሊሸጥለት አይገባም ባይ ናቸው። እኔም እስማማለሁ።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ስፒናውን መንቀል፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ክንፎቹ ላይ ያለውን አቧራና የአመድ ብናኝ በብሩሽ ማራገፍ። ክንፉ ቆሽሾ ከሠራ ይጮሃል፣ ንፋሱም ይቀንሳል። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ምድጃው እንደ ድሮው ያለ ማራገቢያ ያሞቃል።

አሁን ወዲያ ጥግ ያለውም ሹራቡን አውልቋል። በከፍተኛው ፍጥነት ድምፁ ትንሽ ይሰማል፤ እኛ መካከለኛው ይበቃናል።

ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፦ ጋሼ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ደጋግማችሁ ደውሉ። ቁጥራቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፈው ስለነገሩኝ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ምድጃችሁ ከጀርባው ሽፋን እንዳለው እዩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።