«ዘ ፓወር ኦቭ ዘ ዳሌክስ» በዲስክ፦ ምስሉ የጠፋው የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ

ቀለበቱ አልሆነውም። መርከበኛው ቤን የሽማግሌውን ዶክተር ቀለበት አንስቶ አጠገቡ በቆመው እንግዳ ሰው ጣት ላይ ይሞክረዋል፤ ልክ እንዳልሆነ ሲያይ ነገሩ አለቀለት፣ ይህ ሰው አስመሳይ ነው። ሰውዬው ግን አይደናገጥም። ቢራቢሮ ክንፏን ከዘረጋች በኋላ ወደ ወጣችበት ቅርፊት ተመልሳ ትገባለች ወይ ብሎ ይመልስለትና ዋሽንት አንስቶ መንፋት ይጀምራል።

የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» በፈረንጆቹ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ተጀምሮ፣ አንዴ ተቋርጦ፣ ዛሬም ያለ፣ በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዘው ዶክተር የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ነው። ዋና ተዋናዩ በየጊዜው ይቀየራል፣ ዶክተሩም በታሪኩ ውስጥ መልኩን ለውጦ ይቀጥላል፤ ጓደኞቹ፣ አለባበሱ፣ የመጓጓዣ ሳጥኑ የታርዲስ የውስጥ ክፍል ሁሉ ይቀየራል። ታዲያ ያው ድራማ መሆኑን ተመልካች በምን ያውቃል? ይህን ለመመርመር ከ«ዘ ፓወር ኦቭ ዘ ዳሌክስ» የተሻለ ዲስክ የለም። ምክንያቱም ይህ ታሪክ ዊሊያም ሃርትኔል በሕመም ምክንያት ለቆ ፓትሪክ ትራውተን የገባበት፣ ማለትም ድራማው ያለ መጀመሪያው ፊት መኖር ይችል እንደሆነ የተፈተነበት ነው። በዚያ ላይ ምስሉ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ የቀረን ድምፁ ነው።

ስድስቱ ክፍሎች ከኖቬምበር 5 እስከ ዲሴምበር 10 ቀን 1966 በየሳምንቱ ቅዳሜ ተላልፈዋል። ጸሐፊው ዴቪድ ዊተከር፣ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ባሪ ናቸው። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ የተላለፈውን እየደመሰሰ ሌላ ይቀዳበት ነበር፤ ለውጭ አገር ጣቢያዎች የተሸጡት የፊልም ቅጂዎችም የሽያጭ ጊዜያቸው ሲያበቃ ተወግደዋል። ከ1960ዎቹ 253 ክፍሎች ከ90 በላይ የሚሆኑት የጠፉት በዚህ መንገድ ነው። አንዳንዴ ይገኛሉ፦ በ2013 ይፋ የሆነው ግኝት 9 የጠፉ ክፍሎችን ከናይጄሪያዋ ጆስ ከተማ መልሷል። «ዘ ፓወር» ግን ከነዚያ ውስጥ አልነበረም።

ድምፁ የተረፈው በተመልካቾች ትጋት ነው። የቤት ቪዲዮ ባልነበረበት ዘመን ማይክሮፎን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው በቴፕ የቀዱ ነበሩ። የሚሻሉት ቅጂዎች ሽቦ በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር በማገናኘት የተወሰዱት ናቸው፤ የቤቱ ጫጫታ አይገባባቸውማ። ከዚህ ሌላ ጆን ኩራ የተባለው ባለሙያ ከስክሪን ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች፣ ጥቂት ሰከንድ የሚቆዩ ቁርጥራጭ ምስሎችና የጽሑፍ ስክሪፕቱ አሉ። በቻርልስ ኖርተን ዳይሬክተርነት የተሠራው አኒሜሽን በነዚህ ላይ ቆሞ ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2016 ወጣ።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ፤ የዚህ ዲስክ ሀብት ያለው እዚያ ነው።

መክፈቻ ሙዚቃውን የደረሰው ሮን ግሬነር ነው። ዛሬ የምናውቀውን ድምፅ የሠራችው ግን በቢቢሲ የድምፅ መሥሪያ ክፍል፣ በሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ የነበረችው ዴሊያ ደርቢሻየር ናት፤ ረዳቷ ዲክ ሚልስ ነበር። ሲንተሳይዘር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ አልነበራቸውም። የባሱ ድምፅ አንድ ክር ተመቶ ቴፕ ላይ የተቀዳ ነው። ቴፑን በማፍጠንና በማዘግየት የሚፈለገው ኖታ ይወጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ኖታ በሚፈለገው ርዝመት በምላጭ ተቆርጦ ከሚቀጥለው ጋር ይለጠፋል። ዜማው ለመለኪያ ከሚያገለግሉ ኦሲሌተሮች፣ ማለትም ድምፅ ከሚያመነጩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የወጣ ነው። በመጨረሻም የየድርሻቸው ቴፖች በአንድ ጊዜ እንዲነሱ ተደርገው ተደባለቁ። ያ ባስ ሲመታ አንዷ ምት ከሌላዋ በጥቂቱ የምትለየው ለዚህ ነው፤ የሰው እጅ አለበት። ማሽን እኩል አድርጎ ቢመታው ይህ መንፈስ አይኖረውም።

የታርዲስ ድምፅም እንዲሁ ነው። ብራያን ሆጅሰን የቤት ቁልፍ ይዞ የአሮጌ ፒያኖ ወፍራም ክሮችን እየፋቀ ቀዳው፤ ከዚያ ፍጥነቱን ቀየረው፣ ወደ ኋላ አዞረው፣ ማስተጋቢያ ጨመረበት። ሰማያዊው የፖሊስ ሳጥን ከእይታ ሲጠፋ የሚሰማው ያ የሚያቃስት ድምፅ የብረት በብረት ፍቀት ነው። ያለዚህ ድምፅ ሳጥኑ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነው።

የዶክተሩ ጠላቶች የሆኑት ብረት ለባሾቹ የዳሌኮች ድምፅ ሪንግ ሞዱሌተር በሚባል መሣሪያ ይሠራል። የተዋናዩ ድምፅ በአንድ በኩል፣ 30 ሄርዝ ያህል የሆነ ሞገድ በሌላ በኩል ይገባና ድምራቸውና ልዩነታቸው ይወጣል፦ 200 ሄርዝ የነበረው ድምፅ 230 እና 170 ሆኖ ይሰማል፣ የመጀመሪያው ራሱ ግን ይጠፋል። የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው በዚህ ነው። መሣሪያው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላው የተዋናዩ የፒተር ሃውኪንስ አነጋገር ነው፦ ቃላቱን እየቆራረጠ፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ እያደረገ። መሣሪያው ኖሮ አነጋገሩ ከጎደለ ሮቦት ይሆናል፤ አነጋገሩ ኖሮ መሣሪያው ከጎደለ ደግሞ የሚጮህ ሰው ነው።

የዊተከር ብልሃት ይህን ማወቁ ነው። ታሪኩ በቫልካን ፕላኔት በሚኖሩ ሰፋሪዎች መካከል ነው። ሳይንቲስቱ ሌስተርሰን ለ200 ዓመት ተቀብሮ የኖረ ጠፈር መንኮራኩር አግኝቶ ውስጡ ያሉትን ዳሌኮች ሕይወት ይዘራባቸዋል፤ እነሱም ለሰፋሪዎቹ መጠጥ በትሪ ያቀርባሉ። ሰፋሪዎቹ ዳሌክ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ተመልካቹ ግን ያውቃል። ያ የለመድነው የጥላቻ ድምፅ «አገልጋይህ ነኝ» ሲል ቃሉ ትሕትና፣ ድምፁ ሞት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ ቀለበቱ የካደውን፣ ቤንም የተጠራጠረውን አዲስ ዶክተር ዳሌኩ ያውቀዋል። ዓይኑን ወደሱ ያዞራል፣ አይቶም አይስትም። ጓደኞቹ ያላወቁትን ጠላቱ መሰከረለት። ድራማው እስከ ዛሬ አዲስ ፊት ሲያመጣ አሮጌ ነገር አጠገቡ ያቆምለታል፤ ትሪስትራም ኬሪ ለመጀመሪያው የዳሌኮች ታሪክ የደረሰው ሙዚቃ እዚህ መልሶ የተሰማውም ያንን አገልግሎት ሰጥቷል። በ1996 ድራማውን በቴሌቪዥን ፊልም ሊመልሱት ሲሞክሩ የዳሌኮቹ ድምፅ ቀጭን ጩኸት ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ፊልሙም ተከታታይ አልወለደም። በ2005 ሲመለስ ግን የደርቢሻየር ድምፆች በአዲሱ ሙዚቃ ውስጥ ነበሩ፣ የሪንግ ሞዱሌተሩም ዳሌክ በዚያው ምዕራፍ መጣ።

ጉድለቱ ምስሉ ላይ ነው። ሰዎቹ ሲቆሙ ፎቶዎቹን ይመስላሉ፤ ሲራመዱ ግን ጉልበታቸው የታሰረ ይመስላል፣ በተለይ ወደ ጎን ሲሄዱ። ትራውተን በዓይኑና በቅንድቡ የሚጫወት ተዋናይ ነው፤ ዋሽንቱን እየነፋ ጥያቄ ሲሸሽ ፊቱ ምን ይሠራ እንደነበር አኒሜሽኑ ሊነግረን አልቻለም። ዝምታ ሲረዝም ችግሩ ይብሳል፦ በ1966ቱ ምስል የሆነ ነገር እየተከናወነ ነበር፣ እዚህ ግን ሁለት ሰዎች ተፋጠው ይቆማሉ። ዳሌኮቹ ግን አልተጎዱም፤ እግር የላቸውም፣ ፊት የላቸውም፣ ይንሸራተታሉ። በስቱዲዮ ጥቂት ብቻ የነበሩት እዚህ ብዙ ሆነው ሲሰለፉ ታሪኩ የጠየቀው ብዛት ተገኝቷል።

ለሚገዛ ሰው፦ በ2016 የወጣው ዲቪዲ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ባለቀለሙ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ2020 የታደሰ ልዩ እትም ወጥቷል፣ ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ቀለሙን ተዉት፤ የፊቶቹ ጥላ የተወሰደው ከጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነው፣ ቀለም ሲገባበት ጠፍጣፋ ይሆናል። ዲስኮች በሚሸጡበት አካባቢ (ሪጅን) ይመደባሉ፤ የእንግሊዙ ዲቪዲ ሪጅን 2 ነው፤ ለኢትዮጵያ የተመደበው ሪጅን 5 ስለሆነ ሁሉን የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ብሉሬይ ከሆነ አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ አንድ ምድብ ውስጥ፣ ሪጅን ቢ ስለሆኑ ይሠራል፤ አሜሪካ ያለ ሰው የአገሩን እትም ይግዛ። የአማርኛ ትርጉም የለውም።

ከዚህ በፊት «ዘ ቴንዝ ፕላኔት» የተባለውን ታሪክ አራተኛ ክፍል የተረፈውን ማየት ይጠቅማል፤ ክፍሉ ራሱ ጠፍቷል፣ ሃርትኔል ወደ ትራውተን የሚለወጥበት ቅጽበት ግን «ብሉ ፒተር» የተባለ የልጆች ፕሮግራም ስለተጠቀመበት ተርፏል። ለውጡ ዛሬ የሚጠራበት «ሪጀነሬሽን» የሚለው ቃል ገና በ1974 የመጣ መሆኑን ማስታወስም ጥሩ ነው፤ ትራውተን እዚህ «ታድሻለሁ» ነው የሚለው።

ድምፁ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ነው። የቴሌቪዥኑን የሰራውንድና ንግግር የሚያጎላ ቅንብር አጥፉ፤ የዳሌኮቹን መንቀጥቀጥ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይጨፈልቀዋል። በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፣ የፒያኖው ወፍራም ክር ይጠፋል። ሁለተኛው ክፍል ሊያልቅ ሲል ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉት፦ ዶክተሩ ሊያስጠነቅቅ ይጮሃል፣ ዳሌኩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማል፣ ቀስ በቀስም የዶክተሩ ቃል አይሰማም።