የጦጣው መዳፍ፦ አባት ያየው፣ እናት ያላየችው

በእንግሊዛዊው ደራሲ በዊልያም ዋይማርክ ጄከብስ የተጻፈውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 የታተመው «የጦጣው መዳፍ» በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አጭር ታሪክ ነው። ስለ መናፍስት የተጻፉ ብዙ ታሪኮች አንባቢን ለማስፈራት ሲሉ ሙታንን በየገጹ ያመላልሳሉ፤ ይህኛው ግን አንድም ጊዜ መንፈስ ሳያሳየን ያስፈራናል። ምክንያቱም፣ እኔ እንደማምነው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያዝኑት ሁለት ሰዎች ስለ ሟቹ የሚያውቁት ነገር እኩል አለመሆኑ ነው።

ጄከብስ በዘመኑ ይበልጥ የታወቀው ስለ መርከበኞችና ስለ ወደብ ሰዎች በጻፋቸው አስቂኝ ታሪኮች ሲሆን፣ በዚያ የተካነበት ጨዋታና ቀልድ እዚህ ለሐዘኑ መደላድል ሆኖለታል። ብርድና ዝናብ በበዛበት ምሽት አባትና ልጅ ቼዝ ይጫወታሉ፤ እናት እሳት ዳር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። አባትየው ጠጠሩን ያለቦታው ማስቀመጡን ዘግይቶ ሲረዳ፣ ልጁ ስሕተቱን እንዳያይበት ብሎ ስለ ነፋሱ ወሬ ያነሣል። ይህች ትንሽ ብልጠት በቤቱ ውስጥ ያለውን መዋደድ ከረጅም ገለጻ በላይ ታሳያለች፤ ኋላ መርዶው ሲመጣ የምንደነግጠውም እነዚህን ሰዎች አስቀድመን ስለወደድናቸው ነው።

ወደዚህ ቤት 21 ዓመት በህንድ የቆየ አንድ ሻምበል ባሻ የደረቀ የጦጣ መዳፍ ይዞ ይመጣል። መዳፉ ለሦስት ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ምኞት ይፈጽማል፤ የመጀመሪያው ባለቤት በሦስተኛው ምኞቱ የለመነው ሞትን ነበር። እንግዳው መዳፉን እሳት ውስጥ ቢወረውረውም አባትየው ፈጥኖ ያወጣዋል፤ በልጁም ምክር የቤቱን ዕዳ ለመዝጋት 200 ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ ልጁ በሥራ ቦታው ማሽን ይዞት ይሞታል፤ ድርጅቱ ኃላፊነት የለብኝም ብሎ በካሣ ስም የሚሰጠው ገንዘብ ልክ 200 ፓውንድ ነው።

መርዶ ነጋሪው የሚመጣበት ትዕይንት ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ሰውየው የግቢውን በር ለመክፈት ሦስት ጊዜ አመንትቶ በአራተኛው ይገባል፤ ልጁ ክፉኛ መጎዳቱን፣ አሁን ግን ምንም ሕመም እንደሌለበት ይናገራል። እናትየው እፎይ ብላ ፈጣሪዋን ማመስገን ትጀምራለች፤ የሰውየው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚገባትም ምስጋናው ከአፏ ሳይደርቅ ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ጥቂት መቆየት ነበረብኝ።

ታሪኩን ገና ያላነበበ ሰው የሚከተለውን አንቀጽ ቢዘልል ይሻለዋል። ከቀብሩ አንድ ሳምንት ያህል በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ እናትየው ልጃቸው ሕያው ሆኖ እንዲመለስ ይመኝ ዘንድ ባሏን አጥብቃ ትይዘዋለች። አባትየው አስከሬኑን አይቷል፤ ልጁን የለየውም በልብሱ ብቻ ነበር። እርሷ አላየችም። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ ሁለቱም አንድ ድምፅ እየሰሙ የሚጠብቁት ግን የተለያየ ነው፤ እርሷ እሳቱ ዳር ሲቀልድ የነበረውን ልጇን፣ እርሱ ደግሞ ሊያስበው እንኳ የማይደፍረውን ነገር። እናትየው ሰንሰለቱን ፈትታ የታችኛውን መወርወሪያ ታስለቅቃለች፤ የላይኛው አልደረስ ስላላት ባሏን ትጣራለች፤ እርሱ ግን ፎቅ ላይ በጨለማ ተንበርክኮ ወለሉን እየዳበሰ የወደቀውን መዳፍ ይፈልጋል። ከዚያ ወንበር እየተጎተተ ወደ በሩ ሲጠጋ ይሰማል። ባነበብኩት ቁጥር ልቤ አንዴ ከእርሷ ጋር መወርወሪያውን ይስባል፣ አንዴ ከእርሱ ጋር ወለሉን ይዳብሳል፤ ከሁለቱ አንዳቸውን ጥፋተኛ ማድረግ ግን አልቻልኩም። ደራሲው ሦስተኛውን ምኞት በቃል ሳይነግረን ማለፉም ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ያን ቃል አባትየው ራሱ ዳግም ሊሰማው የሚፈልግ አይመስለኝምና።

ጉድለት የለውም አልልም። ህንድ እዚህ የአስማት ምንጭ ከመሆን ያለፈ ሚና የላትም፤ መዳፉን አስማት ያደረገበት ሽማግሌ ፈኪርም (ባሕታዊ) በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ይቀራል። ይህ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን አስተሳሰብ ያመጣው ነው፤ ዛሬ የሚያነብ ሰው ይሰማዋል። የታሪኩን ግማሽ ሸክም የተሸከመችው እናትም የራሷ ስም ሳይሰጣት የባሏን ስም ይዛ መቅረቷ ይቆጨኛል።

ሐዘኑ ገና ትኩስ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ለጊዜው ቢያቆየው እመክራለሁ፤ የእናትየው ልመና እውነተኛ ልመና ነው፣ ቁስልም ይነካል። ሌላው አንባቢ ግን ማታ፣ ብቻውን፣ ሳያቋርጥ ያንብበው፤ የወንበሩ ድምፅ ጋ ሲደርስም አይቸኩል።