ጣሪያዋ የተቀደደ ቮልስ፦ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ

ቮልሴን ከገዛሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ። እ.ኤ.አ. የ1965 ስሪት ናት፣ ባለ 1200 ሞተር። ስለ አነዳዷ ብዙ አላወራም። ጠዋት በሱሉልታ ብርድ ትንሽ ታጉረመርምና ትነሳለች፤ የእንጦጦን ዳገት ቀስ ብላ ትወጣለች። ደህና ናት። የሚያናግረኝ ጣሪያዋ ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ጣሪያዋን በግራይንደር ቆርጦ ሰንሩፍ፣ ማለትም የሚከፈት የጣሪያ ክዳን፣ አስገጥሞላታል። ስገዛ ደላላው "ይሄ እኮ ኤክስትራ ነው፤ ዋጋ ይጨምራል" እያለ አደነቆረኝ። ጭማሪውን ሐምሌ ላይ አየሁት። ዝናቡ በሰንሩፉ ጎማ ጠርዝ ሰርጎ፣ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ የኋላ ወንበር ስር ይተኛል። የቮልስ ባትሪ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። የሻንሲ ቁጥሩም የተመታው እዚያው መሃል ላይ ነው። ወንበሩን አንስቼ ባትሪውን ሳወጣው፣ ከስሩ ያለው ላሜራ እንደ ደረቀ ቂጣ በጣቴ ተፈረፈረ። ቁጥሩ ለጊዜው ይነበባል።

"ፋብሪካውም እኮ ባለ ሰንሩፍ ቮልስ ያወጣ ነበር" ይለኛል ደላላው። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ሞዴል በጨርቅ የሚታጠፍ፣ ከ1964 ወዲህ ደግሞ በእጅ እየተሽከረከረ የሚከፈት የብረት ክዳን ያለው ነበር። እንዲያ ያለው ሲገኝ ዋጋው ከተራው ይበልጣል። ግን የፋብሪካው የብረት ክዳን አሸንዳ አለው፤ ውሃው በቱቦ ወርዶ ውጭ ይፈሳል። የእኔ ቱቦ የኋላ ወንበሬ ነው።

ባለፈው ጥር የድሮ መኪና የሚሰበስቡ አንድ ትልቅ ሰው ሊያዩአት መጡ። 6 ቮልት የነበረው ኤሌክትሪኳ ወደ 12 ተቀይሯል፤ ግድ አላላቸውም። "6 ቮልት ባትሪ ከየት ታመጣለህ? ደግ አደረጋችሁ" አሉ። የድሮው ዲናሞ ካርቶን ውስጥ መቀመጡን ሲሰሙ ጭራሽ ደስ አላቸው። ሰፋፊዎቹን ቸርኬዎች አይተው የድሮዎቹ የት እንዳሉ ብቻ ጠየቁ፤ ከመጋዘን አውጥቼ አሳየኋቸው። ከዚያ በሩን ከፍተው ቀና አሉ። "ይሄንን ማነው የቀደደው?" ከጠራሁት ዋጋ ሲሶውን እዚያው ቆረጡት።

ብናደድም አልፈረድኩባቸውም። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በቁጥር ብርቅ አይደለም፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ሳይነካካ የቆየውን ነው። በብሎን የገባ ነገር በብሎን ይወጣል። የተቆረጠ ጣሪያ ግን ሌላ ተፈልጎ ቢበየድ፣ ስቱኮ ተለስኖ ቢቀባ እንኳ፣ ዓይን ያለው ሰው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ብየዳውን ያገኘዋል። ሞተር የተቀየረበትማ ሌላ ጣጣ ነው፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ስም ማዛወሩ ራሱ ራስ ምታት ነው።

ደላላው አሁንም ይደውላል። "የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ወርቅ ሆኗል፤ ጣሪያ ማን ያያል?" ይለኛል። ለመነዳት ብቻ የሚገዛ ሰው አያይ ይሆናል። አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ ለእኔ ስትሸጣት የጠራኸው የሰብሳቢ ዋጋ ነው!

ለማንኛውም አልሸጣትም። ጥቅምት ላይ፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ጣሪያዋን ከፍቼ ወደ ጫንጮ ስነዳት ያ ግራይንደር የያዘ ሰው እንኳ ይቅር ይባላል። ሐምሌ ላይ ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ ነበረኝ። ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ የበሰበሰውን ላሜራ አስቀይራለሁ፤ ለሰንሩፉም ቱቦ አስገባለታለሁ። ቮልስ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ደግሞ፣ ደላላው ሞተር እያስነሳ ሲያደናቁረው፣ የኋላውን ወንበር አንስቶ እጁን ወደ ውስጥ ይስደድ። እርጥበት ካገኘ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይይ፤ ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።