አቴንስ ውስጥ «የቤት ምግብ» ብሎ የሚጠራችሁን ሬስቶራንት ተጠንቀቁ

አቴንስ ለምትመጡ ወገኖች፣ በተለይ ቱሪስት በሚበዛባቸው የፕላካና የሞናስቲራኪ ሰፈሮች ለምትበሉ ነው ይህን የምጽፈው።

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼን ይዤ አክሮፖሊስ ሥር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገባን። በር ላይ የቆመው ሰውዬ «እናት የሠራችው ምግብ ነው፣ ዛሬ የወጣ» እያለ ነው ያስገባን። ሙሳካ አዘዝን። ሙሳካ ደበርጃንና የተፈጨ ሥጋ ተደራርቦ፣ ከላይ በሻሜል የሚባል ከወተትና ከዱቄት የሚሠራ ወፍራም ነጭ ስጎ ፈሶበት ምድጃ የሚገባ ምግብ ነው። በደንብ ከተሠራና ትንሽ ካረፈ ሲቆረጥ ቅርጹን ይይዛል። ለእኛ የመጣው ግን ዳር ዳሩ አፍ ያቃጥላል፣ መሐሉ በረዶ ነው። ከሥሩ ውሃ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ተኝቷል። ከፍሪዘር ወጥቶ ማይክሮዌቭ የገባ ነገር ነው።

ሂሳቡ ደግሞ ባሰ። ያላዘዝነው ዳቦ፣ ያላዘዝነው ጻጺኪ (የእርጎና የኪያር ማጥቀሻ) እና ወይራ በነፍስ ወከፍ ተቆጥሯል። ዓሣው ሜኑ ላይ ዋጋው የተጻፈው በኪሎ ነው፤ አስተናጋጁ ግን ሳይመዝንልን ጠብሶ አመጣው። የእሱ ዋጋ ብቻውን ከሌላው ምግብ ሁሉ በለጠ። ይህ ሁሉ የተጻፈው ብጣሽ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል አለኝ።

እዚህ ጋ ሕጉን እወቁ። ግሪክ ውስጥ ሕጋዊ ደረሰኝ ካልተሰጠው ደንበኛው የመክፈል ግዴታ የለበትም። ይህ ሜኑ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔም ጽሑፉን አሳየሁት፤ ደረሰኙ ወዲያው መጣ፣ ያላዘዝነውም ተቀነሰ። የዓሣው ብር ግን ቀለጠ። እምቢ ካሏችሁ 1520 ደውሉ፣ የሸማቾች መስመር ነው። ዓሣ ስታዙ ዓይናችሁ እያየ ይመዘን፣ ዋጋውንም እዚያው ንገሩን በሉ። ዳቦውን ካልፈለጋችሁ ሳትነኩት መልሱ።

ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ «ኒስቲሲሞ» የሚሉት የጾም ምግብ አላቸው። ነገር ግን በእነሱ ጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላል። በወይራ ዘይት የተሠራ አትክልትም ብዙ ጊዜ ፌታ አይብ ጣል ተደርጎበት ይመጣል። «ያለ ፌታ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

እውነተኛው የቤት ምግብ እኮ አለ፣ ርካሽም ነው። «ማይሪዮ» የሚባሉትን፣ የዕለቱን ወጥ ሠርተው የሚሸጡ ተራ ምግብ ቤቶች ፈልጉ፤ አቲናስ መንገድ ያለው የቫርቫኪዮስ ገበያ አካባቢ ታገኛላችሁ። በር ላይ የሚጎትት ሰው የለም። ትሪዎቹ መስታወት ውስጥ ተደርድረዋል፤ የነጭ ቦሎቄ ሾርባው ፋሶላዳ፣ ሩዝ የተሞላው ቲማቲምና ቃሪያ ጌሚስታ። በጣታችሁ አሳይታችሁ ታዛላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሂዱ፣ የተሠራው ሲያልቅ አለቀ ነው።