ኪክሎክ፦ መግባቱ ቀላል፣ ማስወጣቱ ሥራ የሚጠይቅ

ኢሜይሉ በአንድ የይለፍ ቃል፣ የሒሳቡ ሲስተም በሌላ፣ የፋይል ማከማቻው በሦስተኛ ሲሆን መጨረሻው ይታወቃል፤ ሁሉም ወረቀት ላይ ተጽፈው ኪቦርድ ሥር ይቀመጣሉ። ኪክሎክ (Keycloak) የተባለው የመግቢያ ሥርዓት ሲተከል ሠራተኛው ጠዋት አንዴ ይገባል፣ ሌሎቹ ሳይጠይቁ ይከፈቱለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ በየሠራተኛው ቁጥር በየወሩ ዶላር ማግኘት ለሚቸግረው መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የሠራተኞች መዝገብ) ካለም ሠራተኛውን እንደ አዲስ መመዝገብ አያስፈልግም፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ ለማንበብ በሚያገለግለው ኤልዳፕ (LDAP) ይገናኛል።

ለሙከራ 2 ጊጋባይት ራምና ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ችግሩ ሙከራው ሳይታወቅ ዋናው ሲስተም ሆኖ ሲቀር ነው። ኪክሎክ በሙከራ ሁኔታ ሲነሳ አብራው የመጣችውን ትንሽ ዳታቤዝ ይጠቀማል፣ ያለ ኤችቲቲፒኤስም (ያለ ምስጠራ) ይሠራል። ለእውነተኛ ሥራ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ፣ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬትና ቋሚ የዶሜይን ስም ይቅደሙ። «ማስተር» የሚባለው ሪልም (የራሱ ተጠቃሚዎችና ደንቦች ያሉት ክፍል) ለአስተዳዳሪ ብቻ ይተው፤ ለሠራተኞች ሌላ ይከፈት። የይለፍ ቃል ግምትን የሚያግደው መከላከያ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ያብሩት።

ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው የመመለሻ አድራሻው፣ ማለትም ሠራተኛው ከገባ በኋላ ወደ መተግበሪያው የሚመለስበት ሊንክ፣ ነው። የተመዘገበውና መተግበሪያው የሚልከው በአንዲት እዝባር (/) እንኳ ከተለያዩ ኪክሎክ አያስገባም። ኮከብ ምልክት (*) አስገብቶ ሁሉንም መፍቀድ ስህተቱን ያጠፋዋል፤ ግን ኪክሎክ ለመተግበሪያው የሚልከው የመግቢያ ኮድ ወደ ሌባ አድራሻ እንዲላክም መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛው እንቅፋት የሰርቨሩ ሰዓት ነው። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ከስልክ የሚነበበው ባለ 6 አሃዙ ኮድ በየ30 ሴኮንዱ ስለሚቀየር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ የሚዛባ ሰርቨር ትክክለኛውን ኮድ አይቀበልም። ሰዓትን በኔትወርክ ከሚያስተካክለው ኤንቲፒ (NTP) ጋር ይገናኝ።

ትልቁ ጉድለት ግን መውጫው ላይ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን መዝጋት አዲስ መግቢያ ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የተከፈተውን ሁሉ አይዘጋም። የተሰጠው ቶክን (የመግቢያ ማረጋገጫ) በነባሪው 5 ደቂቃ ይቆያል፤ መተግበሪያው የራሱን ሴሽን (የገባ ሰው ክፍት ቆይታ) ከያዘ ደግሞ ሰውየው ለሰዓታት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው በየመተግበሪያው የባክቻናል ሎግአውት አድራሻ፣ ማለትም ኪክሎክ ሰውየው መውጣቱን በቀጥታ ለመተግበሪያው የሚያሳውቅበትን፣ መሙላት ነው፤ ይህን የማይደግፉ መተግበሪያዎች ስላሉ ሴሽናቸው ማጠር አለበት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሙከራ አካውንት ሁሉንም ይክፈቱ፣ ከአስተዳዳሪው ገጽ ያስወጡት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ ሪፍሬሽ ያድርጉ። አሁንም የሚከፈተው የቱ እንደሆነ ያኔ ይታያል።