ኢሜይል በጥቁር ስክሪን፦ ከኒዮመት ጋር አሥር ወር

ኢሜይሌን በተርሚናል፣ ማለትም ሁሉ ነገር በጽሑፍና በትእዛዝ ብቻ በሚሠራበት ጥቁር መስኮት፣ ማንበብ የጀመርኩት ባለፈው ጥቅምት ነው። ያስጀመረኝ ችግር ነው። የላፕቶፔ ራም 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ብራውዘር ላይ ጂሜይል ስከፍት የምተረጉመው ፋይል ይንቀራፈፋል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ የምትዞረዋ ክብ ላይ አፍጥጦ መዋል ነው።

የምጠቀምበት የኢሜይል ማንበቢያ ኒዮመት ይባላል፤ መት የሚባለው የድሮ ፕሮግራም ልጅ ነው። መትን ማይክል ኤልኪንስ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሲጽፈው «ኢሜይል ማንበቢያ ሁሉ ቀሽም ነው፤ ይሄኛው ቅሽምናው ያንሳል» የሚል መፈክር ሰጥቶታል። ከአሥር ወር በኋላ ሰውዬው ልክ ነው እላለሁ።

ማስጀመሩ ሁለት ቅዳሜ በላብኝ። ነገሩ አንድ ፕሮግራም አይደለማ! ኤምቢሲንክ ደብዳቤዎቹን ከሰርቨር አውርዶ ዲስኬ ላይ ያስቀምጣል፣ ኤምኤስኤምቲፒ ይልካል፣ ኒዮመት መሀል ሆኖ ያሳያል። ጂሜይል ተራውን የይለፍ ቃሌን አልቀበልም ስላለኝ ግማሹ ቀን በዚያ አለቀ። ለካ መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት፣ ከዚያ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን ባለ16 ፊደል የይለፍ ቃል ማውጣት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ግን ሱስ ነው። «ኤም» ስጫን አዲስ ደብዳቤ፣ «አር» መልስ፣ «ዲ» ስረዛ። ማውስ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ የሌሊቱን ማስታወቂያ ጠርጌ እጨርሳለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ገባኝ፦ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ደብዳቤዎቹ ግን ዲስኬ ላይ ናቸው። በባትሪ አንብቤ፣ መልሱን ጽፌ ወረፋ ላይ አስቀምጣለሁ። መብራት ሲመጣ በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ይሄዳል።

አሁን ወደ አማርኛው። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ሣጥን ነው የሚሰጠው፤ ሣጥኑ የተለካው ደግሞ በላቲን ፊደል ነው። የኛ «ጨ»፣ «ሐ» እና «ሠ» ወፋፍራሞች ስለሆኑ ወይ ጎናቸው ይቆረጣል፣ ወይ ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። ፎንት ስቀያይር ከርሜ የተሻለ አገኘሁ እንጂ አልዳነም። ረጅም የአማርኛ ደብዳቤ ከመጣ አሁንም ዓይኔን ያደክመኛል።

የሚያበሳጨኝ ሌላው ኪቦርዱ ነው። መልሱን ናኖ በሚባለው የተርሚናል ጽሑፍ መጻፊያ ላይ በአማርኛ እጽፍና ወደ ኒዮመት ስመለስ ኪቦርዱን መቀየር እረሳለሁ። «ዲ»ን ስጫን የሚደርሰው «ድ» ነው፤ ኒዮመት ደግሞ «ድ» የሚባል ትእዛዝ አያውቅምና ከታች ይነጫነጫል። አሥር ወር ሙሉ፣ በቀን ቢያንስ ሦስቴ!

አንድ ጊዜም አዋርዶኛል። ለደንበኛ «ትርጉሙን አያይዤ ልኬያለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፋይሉ ግን የለም። ሰውዬው ነገሩን ያሳወቀኝ በማግስቱ ነው። ኒዮመት ለዚህ መላ አለው፦ ጽሑፉ ውስጥ ስለ ማያያዝ የሚያወራ ቃል አይቶ አባሪ ካጣ፣ ከመላኩ በፊት ይጠይቃል። በባሕርዩ የሚፈልገው የእንግሊዝኛውን «አታች» ብቻ ስለሆነ ማስተካከያው ላይ «አባሪ» እና «አያይ» የሚሉትን ጨመርኩለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አድኖኛል። ብራውዘሩ በአማርኛ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

በቀለምና በሥዕል ያጌጠ ደብዳቤ ሲመጣ ሊንክስ በሚባል የተርሚናል ብራውዘር አሳልፌ ጽሑፉን ብቻ አነባለሁ። ከባንክ የሚመጣው ደህና ይነበባል፤ የአውሮፕላን ትኬት ግን የሊንክ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ለሱና ለስብሰባ ግብዣ ስልኬን አወጣለሁ።

ለእናቴ ልጫንላት? በፍጹም። ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ የሚውልና ሁለት ቅዳሜ ለመሠዋት የማይሳሳ ሰው ግን ይሞክረው። እኔ ወደ ብራውዘሩ አልመለስም፤ በዚህ ሳምንት የያዝኩት ሥራ «ድ» ስጫን እንደ «ዲ» እንዲቆጥርልኝ ማግባባት ነው።