ኤምኤፍኤም ወይስ የአልማዝ መርፌ? ከመግዛታችሁ በፊት

የማግኔት ናሙና በናኖሜትር ደረጃ የሚያሳይ መሣሪያ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ትንሽ ነገር ያሳያል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን ለመምረጥ ብዙም አይረዳም። ሁለቱም ዋና አማራጮች፣ ኤምኤፍኤም (የማግኔት ኃይል ማይክሮስኮፕ) እና የአልማዝ መርፌ፣ በተለመደው አሠራር 50 ናኖሜትር አካባቢ ይሽከረከራሉ። የሚለያዩት ሌላ ቦታ ነው፦ አንዱ ስዕል ይሰጣል፣ ሌላው ቁጥር።

የቆየው ኤምኤፍኤም ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም ቤተ ሙከራ ወጣ። የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ኤኤፍኤም፣ ገጽን በመርፌ እየዳሰሰ የሚያነብ መሣሪያ) መርፌ በስስ የኮባልት ክሮም ሽፋን ይቀባና ትንሽ ማግኔት ይሆናል። መርፌው እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ይሄድበታል። መጀመሪያ የገጹን አባጣ ጎርባጣ ይለካል። ከዚያ ከ20 እስከ 100 ናኖሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያንኑ መንገድ ይደግማል። እዚያ ላይ የገጹ አቶሞች መርፌውን የሚስቡበት ኃይል ይደክማል፤ የማግኔቱ ጉተታ ግን አሁንም ይደርሳል። ጉተታው የመርፌውን ንዝረት ትንሽ ያዛባዋል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ያንን መዛባት ነው።

ጥሩ ዜናው ዋጋው ነው። ኤኤፍኤም ያለው ላብራቶሪ ምናልባት አዲስ ማሽን ጭራሽ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ አሠራሩ ቀድሞ ተጭኗል፤ የሚጎድለው የተቀባ መርፌና ማግኔት ያልሆነ የናሙና መያዣ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ማኑዋሉን ግለጡ።

መጥፎው ደግሞ መርፌው ራሱ ማግኔት መሆኑ ነው። እንደ ፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ያለ ለስላሳ፣ ማለትም ማግኔትነቱ በቀላሉ የሚቀየር ናሙና ላይ የዶሜይኑን ግድግዳ (አቅጣጫቸው የተለያየ የማግኔት ክልሎች የሚዋሰኑበትን መስመር) እየጎተተ ይወስደዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ያነሳችሁትና ከቀኝ ወደ ግራ ያነሳችሁት አልገጥም ካለ፣ ማሽኑን አትውቀሱ። ደከም ያለ ሽፋን ያለው መርፌ ይረዳል፤ ግን ሲግናሉም አብሮ ይደክማል። በዚያ ላይ ስዕሉ የሚነበበው በዲግሪ (የንዝረቱ ፌዝ ምን ያህል እንደተዛባ) ነው፣ የማግኔት መስክ በሚለካበት በቴስላ አይደለም። ወደ ቴስላ ልቀይር ካላችሁ መርፌውን በሚታወቅ ናሙና ካሊብሬት ማድረግ ግድ ነው። መርፌው ሲበላ ካሊብሬሽኑም አብሮ ይሄዳል።

የአልማዙ መርፌ እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው። ጫፉ ውስጥ አንድ ጉድለት አለ፦ አንድ የናይትሮጅን አቶም፣ ከጎኑ የካርቦን አቶም የጎደለበት ባዶ ቦታ። አረንጓዴ ሌዘር ሲመታው ቀይ ብርሃን ይሰጣል። 2.87 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ሲያገኘው ብርሃኑ ይደበዝዛል። የማግኔት መስክ ሲመጣ ይህ የመደብዘዣ ፍሪኩዌንሲ ለሁለት ይከፈላል፤ በጉድለቱ አቅጣጫ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ሚሊቴስላ በ28 ሜጋኸርዝ ይሸሻል። ይህ ቁጥር መርፌ በተቀየረ ቁጥር አይቀየርም። የጉድለቱን አቅጣጫና ከናሙናው ያለውን ርቀት ማወቅ ግን አለባችሁ።

ናሙናውንም አይረብሽም ማለት ይቻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ቢስመዝ ፌራይት ላይ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ንብርብር ብቻ ባለው ክሮሚየም ትሪአዮዳይድ ላይ የማግኔቱ ንድፍ የታየው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱም የሚያወጡት መስክ እጅግ ደካማ ነው።

ግን ቀርፋፋ ነው። በየነጥቡ ቆሞ ስለሚያነብ አንድ ስዕል ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ጠንካራ ማግኔት ሲቀርበው ደግሞ ብርሃኑ ይደክማል፤ የኒዮዲሚየም ማግኔት ለማጥናት ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። መርፌው ውድ ነው። የታወቁት አምራቾች ኪውናሚና ኪውዛብር የስዊዘርላንድ ናቸው፤ መርፌ አርብ ሲሰበር ሰኞ አይተካም።

ሌሎችም አሉ። የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ያሳደገው «ስኩዊድ በመርፌ ጫፍ» (ስኩዊድ በሱፐርኮንዳክተር የሚሠራ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) በጣም ንቁ ነው፤ በሄሊየም ቅዝቃዜ ካልሆነ ግን አይሠራም። ስፒን (የኤሌክትሮንን ጥቃቅን ማግኔትነት) የሚለየው ኤስቲኤም፣ ማለትም በመርፌና በናሙና መካከል በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያነበው ማይክሮስኮፕ፣ አቶም በአቶም ያሳያል። እሱ ደግሞ ከፍተኛ ቫክዩምና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ናሙና ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ግዢ ሁለቱንም አልመክርም።

የእኔ ምርጫ? ለተማሪ ማስተማሪያ፣ ለሃርድ ዲስክና ለጠንካራ ማግኔት ያለምንም ማመንታት ኤምኤፍኤም። ናሙናው ለስላሳ ወይም ደካማ ከሆነና ጽሑፋችሁ ቁጥር ከጠየቀ አልማዙ። በዓመት አምስት ናሙና ብቻ ካላችሁ ግን መሣሪያው ላለው ላብራቶሪ ላኩት፤ አብሮ መሥራት ከመግዛት ይረክሳል።

ሻጭ ለማሳያ ሲመጣ የራሱን ናሙና ይዞ ነው የሚመጣው። እናንተም የራሳችሁን አዘጋጁ። የድሮ ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ፍቱ። ሳህኑ አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጣል። የላፕቶፕ ከሆነ መስታወት ሊሆን ይችላል፣ ይረግፋል፤ ዓይናችሁን ሸፍኑ። ቁራጩን ከኤምኤፍኤሙ መርፌ ሥር አስቀምጡ፤ ገጹ ልሙጥ ሆኖ ሳለ ሰረዝ ሰረዝ ያለ መስመር ይወጣል። አሁን መርፌው ወጥቶ በተቃራኒ አቅጣጫ ማግኔት ይደረግና ያው ቦታ ይደገም። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ መሆን አለበት። ካልተገለበጠ ያያችሁት ወይ ቆሻሻ ነው ወይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ።